ከአንኮበር ቁልቁል ቡና ያበቀሉት የወይዘሮ አልታየች ይሁኔ የሕይወት ታሪክ (1956–2018 ዓ.ም.)

ወይዘሮ አልታየች ይሁኔ ከአባታቸው ከአቶ ይሁኔ ዘሥላሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዝናሽ ገብረአብ በ1956 ዓ.ም. በመዘዞ አካባቢ ተወለዱ። ከስድስት ልጆች በሕይወት የተረፉት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ በስስት ነው ያደጉት። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ በላይ ያልገፉት ሰንፈው ሳይሆን ትምህርት ቤቱ እዚያ ላይ ስላበቃ መሆኑ እንዲጻፍላቸው አጥብቀው አዘውን ነበር፤ ይኸው ጽፈናል።

በ1974 ዓ.ም. ከአቶ ፈንታሁን ብርሃነ መስቀል ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። በ1977ቱ ድርቅ ገብሱም በጉም ሲያልቅ በሰፈራ ወደ ወለጋ ሄዱ። እዚያም ከጎረቤቶቻቸው የቡናን ሙያ ተማሩ፤ ችግኝ ማፍላቱን፣ የጥላ ዛፍ መምረጡን፣ ቀይ ቀዩን ለይቶ መልቀሙን። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ያስተማሯቸው ጎረቤቶች ራሳቸው ችግኝ ከእሳቸው ይወስዱ ጀመር። ብርነሽን፣ ሳምሶንንና አዲስዓለምን የወለዱት እዚያው ነው። ባለቤታቸው በ2009 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ማሳውን ብቻቸውን ይዘው ቆይተዋል።

በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት ቤት ንብረታቸውን ጥለው ከልጆቻቸው ጋር ደብረ ብርሃን መጠለያ ገቡ። ሰው ሁሉ ልብስና ሰነድ ሲይዝ፣ እሳቸው ለዘር ያስቀመጡትን ቡና በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነበር። እኛ ልጆቻቸው መንገድ ላይ ተቆጥተናቸዋል። ዛሬ በሰው ፊት ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን።

በመጠለያው ሰው ሲሞት እድር ስለሌለው ድንኳን የሚተክልለት፣ ቀብሩን የሚያስፈጽምለት በልመና ሲፈለግ አዩ። ከረሃቡም ከብርዱም በላይ ያስጨነቃቸው ይህ ነበር። “እኔ ተፈናቃይ ተብዬ አልቀበርም፤ እድርተኛ ሆኜ ነው የምሞት” ይሉ ነበር። እድር ለመግባት ደግሞ የአገሩ ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል፤ ገበሬን ነዋሪ የሚያደርገው የሚያለማው መሬት ነው።

ቡናውን በድንኳናቸው ዙሪያ ዘሩት፤ መቶ ያህል ችግኝ በቀለ። ቀጥሎ የሠሩትን ስህተት ራሳቸው እየሳቁ ያወሩት ስለነበር አንደብቀውም። መዘዞ ተወልደው፣ በውርጭ አድገው፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞቃት አገር ሲኖሩ የኅዳርን ውርጭ ረሱት! አንድ ጠዋት ችግኙ ሁሉ ጠቁሮ ተገኘ። የተረፉት ኮስማና ናቸው ብለው ድንኳን ውስጥ ያስገቧቸው አሥራ አንዱ ብቻ ነበሩ።

እነሱን ይዘው ከአንኮበር ቁልቁል ወዳለው ሞቅ ያለ ወይና ደጋ ወረዱ። የአጥቢያው አገልጋይ መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ገብስ የማያበቅል ገደላማ መሬት ነበራቸው። ቤታቸው ግን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ቡና የማይጠጣበት የካህናት ቤት ነው። “በአባቴ ርስት ላይ ቡና ባበቅል አጽሙ ይወቅሰኛል” አሏቸው። ወይዘሮ አልታየችም “የኔታ፣ እርስዎ ይጠጡ አላልኩም። የምለምነው ገደሉን ነው” ሲሉ መለሱ። መሪጌታ አንድ ሳምንት አስበው ምርቱን እየተካፈሉ በእኩል እንዲያለሙት ፈቀዱ። አሥራ አንዱም በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በነባሩ ዋንዛ ጥላ ሥር ተተከሉ፤ አንዱም አልደረቀም።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ቀይ ፍሬ ለቀሙ። መንደሩ ሊቀምስ ቢጓጓም አንዲት ፍሬ ሳይቆሉ ሁሉንም ለዘር አደረጉት። አንዳንዱ አኮረፈ፤ ስስታም ናቸው ያለም ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ስስታሟ ሴት ከዘሩ ያፈሉትን ችግኝ ለመንደሩ ገበሬዎችና እንደ እሳቸው ከመጠለያ ወርደው መሬት በእኩል ለያዙ ቤተሰቦች በነጻ አደሉ። ዛሬ በዚያ ዳገት ላይ ከሁለት ሺህ በላይ የቡና ችግኝ ቆሟል። ያኮረፉትም ተክለዋል። መሪጌታም እስከ ዛሬ ቡና አይቀምሱም፤ ዝንጀሮ በመጣ ቁጥር ግን ከሁሉ ቀድመው ወንጭፍ የሚያነሡት እሳቸው ናቸው።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. በመሪጌታ አቅራቢነት እድሩ በአንድ ድምፅ አባል አደረጋቸው። እናታችን ዕለቱን ማንንም ሳይጠብቁ ለራሳቸው እልል አሉ።

ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሦስት ልጆችና ሰባት የልጅ ልጆች ትተዋል። አዝነናል፤ ኮርተንባቸዋልም።

ትናንት ማለዳ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ መንደር ለመንደር እየዞረ መርዶውን ሲያሰማ፣ “የእድራችን አባል፣ የቡና ገበሬዋ ወይዘሮ አልታየች ዐርፈዋልና ውጡ” ነበር ያለው። ተፈናቃይ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ወጥታችሁ እናታችንን የቀበራችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። በምድር መሬት ያላሳጣቸው አምላክ በሰማይም ርስታቸውን ያዘጋጅላቸው። አሜን።