ዛፍ የያዝንበትን ገመድ ስላለመፍታት

ለክቡር የኢንተርኔት ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ኢንተርኔት የማይቋረጥ፣ ዕድሜዎ የእኛ ማመልከቻ መልስ እስኪያገኝ ድረስ የሚረዝም፣ ቤተሰብዎም ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ከዓይንዎ የማይሰወር እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጫካው ውስጥ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነኝ። ያስታውሱኛል ብዬ አልደፍርም፤ ነገር ግን ባለፈው ዓመት የጫካውን ኢንተርኔት ሊመርቁ መጥተው ሪባን ሲቆርጡ መቀስ ተረስቶ ስለነበር ሮጬ ያቀበልኩዎ እኔ ነኝ። የእትብት መቁረጫ መቀስ ነበር፤ እርስዎ ከሄዱ በኋላ ቀቅዬ ወደ ቦታው መልሼዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ለድፍረት አይደለም። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ማመልከቻዎች ቢሮዎ ውስጥ እጅግ በጥንቃቄ ከመጠበቃቸው የተነሣ ምስጢርነታቸው ከእርስዎም ጭምር የተከበረ መሆኑን ስለተረዳሁ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን በተራዎ ጽፈውልናል። ኢንተርኔቱን የሚቀበለው አንቴና የተሰቀለበትን ዛፍ ያሰርንበትን ገመድ እስከ ወሩ መጨረሻ ፈትተን ካላነሣን መሣሪያው ተነቅሎ እንደሚወሰድ አስታውቀውናል። ለዚህ ትእዛዝ መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን ምስጋናዬን በየተራው ላቅርብ፤ ያለ ምስጋና ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት።

አንደኛ፣ ስለ ቦታ ምርጫዎ አመሰግናለሁ። ጫካችን ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ኢንተርኔቱን የሚልክልን ማማ ያለው ደግሞ ከማዶ ተራራ ላይ ስለሆነ አንቴናው ከዛፎቹ በላይ ብቅ ብሎ ማማውን ፊት ለፊት ካላየው አይሠራም። ለዚህ የብረት ምሰሶ ይተከላል ተብሎ ነበር። ሠራተኞችዎ ግን ተፈጥሮ ካቆመችው ምሰሶ ምን ይበልጣል በማለት ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለው ረጅም ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ጠፍረውት ወረዱ። የምርቃቱ ዕለት ቅጠል የማይነቃነቅበት ጸጥ ያለ ቀን ነበርና እርስዎም በከተማ ካለችው ሐኪም ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ተነጋገሩ፤ እኛም አጨበጨብን። ዛፍ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ እንደ መሥሪያ ቤት ሪባን ስለተቆረጠ ሥራውን አያቆምም። ያድጋል፤ ነፋስ ሲመጣም ይወዛወዛል። በተወዛወዘ ቁጥር አንቴናው ፊቱን ከማማው አዙሮ ሸለቆውን ሰላም ይላል፤ ሐኪሟም አንድ ቃል ወዲህ፣ አንድ ቃል ወዲያ ትሆናለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእኛ ተረት አይደለም፤ ላሟ እዚያ ላይ አረንጓዴ መብራቷን ብልጭ ድርግም ስታደርግ በዓይናችን እናያታለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ችግሩን ባመለከትን ጊዜ አገልግሎቱን የሚያውኩ ዛፎችን ሁሉ እንድንቆርጥ በማኅተም መከሩን። ደብዳቤውን ጮክ ብሎ ያነበበልን አናጢያችን ወረቀቱን አጥፎ፣ የሚያውከን ዛፍ አንድ ብቻ መሆኑን፣ እሱም አንቴናውን የተሸከመው መሆኑን ካስረዳን በኋላ መጥረቢያ ላምጣ ወይ ብሎ ጠየቀ። እኛ ገና ስንስቅ፣ በሩ ከእርስዎ በር ትይዩ የሆነው የደን ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ቅርንጫፍ የነካ ሁሉ ይከሰሳል የሚል ማስጠንቀቂያ ላከልን። አንድ ኮሪደር የምትጋሩ ጎረቤታሞች ናችሁና አንድ ቀን መጸዳጃ ቤት ስትሄዱ እንኳ ብትገናኙ ብዬ ተመኘሁ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ምሰሶው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎን በአካል ለማነጋገር ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን እጅግ በትሕትና ነግራኝ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ከጎኗ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የምታየውን ተከታታይ ድራማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሬያት አየሁ፤ አንድም ጊዜ አልተቆራረጠም። ስብሰባው የማያልቅ ሲሆን ወደ ግቢው ወጣሁ። እዚያ አዲስ፣ ቀጥ ያለ፣ ዓይን የሚሞላ የብረት ምሰሶ ቆሞ «ኢንተርኔት እስከ ጫካ» የሚል ማስታወቂያ ተሸክሟል። እግሩ ሥር በነጭ ቀለም የጤና ጣቢያችን ስም ተጽፎበታል። ዘበኛው፣ ክፉ አይንካው፣ መኪና እስኪገኝ ለጊዜው እንደቆመ፣ ከቆመም በኋላ ሁሉም እንደወደደው አጫወተኝ። ነፋስ ነበር ያን ቀን፤ ማስታወቂያው ግን ንቅንቅ አላለም።

እንግዲህ ወደ ገመዱ ልምጣ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ምሰሶ የተነፈገ ሕዝብ ደግሞ ዛፍ ያስራል። አናጢው ዛፉ ላይ ወጥቶ ሦስት ገመድ አስሮ በሦስት አቅጣጫ ወጠረው። በአጠገቡ ካሉት ዛፎች ጋር እንዳናስረው እነሱም ይወዛወዛሉ፤ ካስማ ብንተክል ዝናብ ያራሰው አፈር እየለቀቀው አስቸገረን። የቀረን የሰው እጅ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሐኪሟን የግድ ስፈልጋት በመስኮት እጣራለሁ፤ በአቅራቢያ ያለ ሰው ሁሉ የያዘውን ጥሎ ሮጦ ዛፍ ይይዛል። ይህ በእርስዎ ደብዳቤ «በመንግሥት ንብረት ላይ ባዕድ ነገር ማሰር» ተብሏል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል።

በክረምቱ፣ መንገዱን ጭቃ ውጦት መኪና በማይገባበት ሰሞን የአናጢው ሚስት ወለደች። ሕፃኗ በደህና መጣች፤ የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣ አለ፤ ደሙም ይፈስ ጀመር። እጄን አስገብቼ ማውጣት ነበረብኝ፤ ይህን ደግሞ ተማርኩት እንጂ ብቻዬን ሠርቼው አላውቅም። ሐኪሟ ከስልኬ ላይ ሆና እጄን እየመራችኝ ሳለ ነፋስ ተነሣ፤ ፊቷም አፏን እንደከፈተች ደርቆ ቀረ። ዛፉን ያዙ ብዬ ስጮኽ ድምፄን እኔው ራሴ አላወቅሁትም። አናጢው፣ ወንድሙና ሰላምታ እንኳ በአገጫቸው የሚሰጡት ጋሽ ዝምታ ገመዶቹን አፈፍ አደረጉ። አናጢው ሚስቱ ትኑር ትሙት ሳያውቅ፣ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ፣ የመዳፉ ቆዳ እስኪላጥ ያዘ። ጋሽ ዝምታ ያን ዕለት ድምፅ አወጡ፤ «አይዞህ ልጄ፣ እንዳትለቅ!» ሲሉ በመስኮት ተሰማኝ። ወዲያው ሐኪሟ ተመለሰች፤ የመጀመሪያ ቃሏም እጅሽን እንዳታወጪ የሚል ነበር። አላወጣሁም። እናቲቱ ተረፈች፤ ዛሬ ልጇን አዝላ በደጃችን ስታልፍ ቀና ብላ ዛፉን ታየዋለች።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ደብዳቤ ብዙ ተሳልቄያለሁ፤ ያን ዕለት ግን ፈርቼ ነበር። ነፋሱ ጥቂት ቢቆይ፣ ወይም ያ ገመድ ባይኖር፣ ዛሬ የምጽፍልዎ ደብዳቤ ሌላ ዓይነት ይሆን ነበር።

አሁን ደግሞ የገዛ ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። ከጤና ጣቢያው ዕቃ ማስቀመጫ አልጋ ዘርግቼላት አጠገቤ ናት። ገመዱን እንድንፈታ የሰጡን ጊዜና የእሷ ቀን አንድ ሰሞን ላይ ይውላሉ። እርስዎ ይህን አያውቁም ነበር፤ አሁን ያውቃሉ።

ስለዚህ ለትእዛዝዎ መልሳችን ይህ ነው፤ አንፈታም። እስከ ወሩ መጨረሻም አንፈታም፣ ከዚያም በኋላ አንፈታም። ይልቁንም የሳሳውን ገመድ በአዲስ ለውጠነዋል፤ የአናጢው ሚስትም ልጄን የሚይዝልኝ ካለ እኔም እይዛለሁ ብላለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ሰምተን ነበር፤ ዛፍ ማሰር እንደማያቅተን ደግሞ አይተናል። ሊፈታ የሚላከው ሰው መሰላል ይዞ ይምጣ፤ የእኛን መሰላል አናውሰውም። ከመውጣቱ በፊት ግን ወደ ውስጥ ገብቶ፣ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ፣ ምን ሊያደርግ እንደመጣ ለእህቴ በአፉ ይንገራት። ከነገራት በኋላ የሚወጣ እግር ካለው ይውጣ።

መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ። እኛም መጀመሪያ ምሰሶአችንን እንላለን። ስማችን የተጻፈበት ምሰሶ ደጃችን ላይ በተተከለ ዕለት ማንም ሳያዘን ገመዱን እንፈታለን፤ ጠቅልለንም ማስታወቂያዎን የሚሰቅሉበት እንዳያጡ በስጦታ እንልክልዎታለን። የምርቃት ሪባን ካስፈለገም መቀሱ ተቀቅሎ ይጠብቅዎታል።

በጸጥታ ቀን አክባሪዎ፣ በነፋስ ቀን ግን ሥራ ላይ ስለምሆን ለማክበር ጊዜ የማይኖረኝ፣
የጫካው ጤና ጣቢያ አዋላጅ
እና ዛፍ ያዥ ጎረቤቶቼ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ገመዱን ሊመረምር የላኩት ተቆጣጣሪ እጅግ ትጉህ ሰው ነው። ገመዱን ከሦስቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሥቶ፣ ሕገወጥ ነው የሚለውን ሪፖርት እዚያው ቆሞ ጽፎ ሊልክልዎ ሲል ነፋስ ተነሣና አልሄድ አለው። ቢጨንቀው እባካችሁ አንድ ጊዜ ያዙልኝ ብሎ ለመነን። ሰው ሲለምን እንቢ ማለት አልሆነልንም፤ ፎቶዎቹ ከባድ ስለነበሩ ጋሽ ዝምታ እስኪያልባቸው ድረስ ያዝንለት። እርስዎ ገመዱን እንድንፈታ ያዘዙን በዚያ ሪፖርት ነው፤ ሪፖርቱ የደረሰዎ ደግሞ በገመዱ ነው።