ቤዚ በምላሴ ጎን ያየችው

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7
ዝናብ። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ አውቶቡሱ ዘገየ። የቀኝ መንጋጋዬ ዛሬም አመመኝ፣ በግራ በኩል በላሁ። የእህቴ ልጅ ቤዚ ኮል አደረገችኝ። የጥርስ ሕክምና ተማሪ ናት፣ ሦስተኛ ዓመት። "አክስቴ፣ ፔሸንት ያስፈልገኛል። ፕሊስ!"
ዳይፐር የቀየርኩላት ልጅ ጥርሴን?... እሺ አልኩ። ባለቤቴ ሊባኖስ ሳቀ። "ልትማርብሽ ነው!"

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16
ክሊኒካቸው ሄድኩ። አፍሽን ክፈቺ ትለኛለች ስል ደም ግፊቴን ለካች። የምወስደውን መድኃኒት ጠየቀች። አንገቴን ዳበሰች።
"ጥርሴን እኮ ነው ያመመኝ።"
"አውቃለሁ። ፈርስት ሙሉውን ማየት አለብኝ። እንደዛ ነው የተማርነው።"
ምላሴን በጨርቅ ይዛ ወደ ጎን ሳበች... መብራቱን አስጠጋች።
"ነጭ ነገር አለ። ያምሻል?"
አያመኝም። መኖሩንም አላውቅ። አስተማሪዋን ጠራች። አጎንብሶ አየና "በደንብ አይተሻል" አላት በእንግሊዝኛ። ባዮፕሲ ያስፈልጋል፣ ትንሽ ቆርጠን እንመረምረዋለን አሉ። ጥርሴን ለጊዜው ሞላችልኝ፣ መርፌው እንኳን አልተሰማኝም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18
ካንሰር ቢሆንስ?... መስታወት ፊት ምላሴን አወጣለሁ፣ አስገባለሁ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27
ሐኪሙ ከምላሴ ቁራጭ ወሰደ። ቤዚ እጄን ይዛ ቆመች።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6
መልሱ መጣ። ቤዚ ስልክ አልደወለችም፣ ከምትኖርበት ከአሌክሳንድሪያ ድረስ ነድታ መጣች። በሩን ከፈትኩላት።
"ካንሰር አይደለም!" አለች ሳትቀመጥ። "ግን ቢቆይ ሊሆን ይችል ነበር። ነጩን ነገር ቆርጠው ያወጡልሻል። ከዛ በየጊዜው ቼክ እናደርገዋለን።"
እኔን እያጽናናች ራሷ አለቀሰች። "ክላስ ውስጥ በፎቶ ነበር የማውቀው። አንቺ ላይ ሳየው..."
ስንቱን አጥንታለች ይቺ ልጅ! የጥርስ ሐኪም ጥርስ ብቻ የሚያይ ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 11
ነጩ ነገር ወጥቶልኝ ቁስሉም ድኗል። ዛሬ የክሊኒኩ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሊባኖስ ነው። ሲጋራ ያጨሳል፣ ጥርስ ሐኪም ጋ ሄዶ አያውቅም። መንገዱን ሙሉ ሲያጉረመርም ነበር።
ቤዚ ጓንቷን አጠለቀች። "ጋሼ፣ ምላስህን... ምላስዎን ያውጡ።"
አወጣ።
ግራውን አየች፣ ቀኙን፣ ከሥሩ፣ ጉንጩንም። ቀስ ብላ። እኔም ከጎን ካለው ወንበሬ ተነስቼ አየሁ።
"ንጹህ ነው። አሁን ስለ ሲጋራው እናውራ።"
ሊባኖስ አድኚኝ በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞረ። ወንበሬን ወደ ቤዚ አስጠግቼ ተቀመጥኩ።