ልጓም የፈራው ፈረስ

ለእትዬ፣ ሰላምታዬ ከደጅሽ በደህና ይድረስ። እንደምን ከርመሻል? እኛ ምንም አንል። ቀኝ እጄ ስላበጠ በግራዬ ነው የምጽፍልሽ፤ እንደ ዶሮ ጫረች ብለሽ እንዳትስቂብኝ።

ፈረሳችን ልጓም ፈርቶ ነበር። ባለቤቴ ተናዶ በልጓሙ ፊቱን ከመታው ወዲህ፣ ብረቱ ቅጭል ባለ ቁጥር ጋጣውን ሊያፈርስ ይደርሳል። ባለቤቴ ስቆ፣ «አንቺም እሱም ዱላ ካላያችሁ አይገባችሁም» አለኝ፤ ቀልዱን ታውቂው የለ። እኔ ግን እሱ ሥራ ሲሄድ ጠብቄ፣ ብረቱን በብብቴ እያሞቅሁ፣ እንዳይንኳኳም ቀለበቶቹን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጨው እያስላስሁ አለማመድሁት። መጀመሪያ አሸተተው። በሳምንቱ ከንፈሩን አስነካልኝ። ትናንት ራሱ አፉን ከፈተልኝ! ለጉሜው ግቢውን ስንዞር፣ መስኮቱ ሥር የተኛው ውሻ እንኳ ቀና አላለም።

ባለቤቴ ይህን አያውቅም፤ ፈረሱ አሁንም የሚፈራ ይመስለዋል። ስትጽፊ እንዳታነሺው። እንዲያውም መልስ አትጻፊልኝ።

ልጆቹን ሳሚልኝ። በዓይነ ሥጋ እስክንተያይ ደህና ሁኚ፤ የግቢሽን በር ግን ሰሞኑን አትቀርቅሪው።

ታናሽሽ