ሦስት ጎረቤት የሚፈርምበት ሕመም

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። እንቅልፍዎም፣ የምግብ ፍላጎትዎም፣ ልብዎም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ድንገት ደህና ካልሆኑ ግን አደራዎን እንዲሁ ለጎረቤት እንዳይነግሩ፣ ለጎረቤት የሚነገረው በቅጽ ነውና። እኔ በመደዳችን ጫፍ ባለችው ቤት የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋ ሴት ነኝ። በመልክ ባያውቁኝ በእጄ ሥራ ያውቁኛል፤ ባለፈው ዓመት በግቢዎ በር ላይ ያሰቀሉትን «ማግለል ይብቃ!» የሚለውን ሰፊ ጨርቅ ፊደሉን የሰፋሁትም ጠርዙን የቀመቀምኩትም እኔ ነበርኩ። ከሩቅ እንዲነበብ ፊደሉ ይተልቅ ብለው ልከውብኝ ነበር፤ ተልቆ ወጣ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ይነበባል።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ እንዳይመስልዎ። ብናደድ በወደድኩ ነበር፤ ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ማደንዘዣ እንደተወጋ ድድ ሆኛለሁ፣ ቢነኩኝም አይሰማኝም። ስለዚህ በእርጋታ፣ በተራ ቁጥር ላመሰግንዎ ወስኛለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ቅጹ አመሰግናለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሰዓት ሠሪ ነው። በእናታችን ቤት የመንገድ መስኮት ሥር ጠረጴዛውን ዘርግቶ፣ ማጉያዋን ዓይኑ ላይ ሰክቶ መሥራት ከጀመረ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ የሰፈሩ ሰዓት ሁሉ በእሱ እጅ አልፏል። ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ አጣ፣ ከዚያ ምግብ ተወ፣ ከዚያ የተከፈተ ሰዓት ላይ አፍጥጦ ሳይነካው ግማሽ ቀን መዋል ጀመረ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ እጅጌ እየገጠምኩ ሳለ፣ በዚያ በለስላሳ ድምፁ «እትዬ፣ ከፍቼ ሳየው ለምን እንደሚዞር ጠፋኝ» አለኝ። ጥቂት ቆይቶም «ጠዋት ባልነቃ እኮ ማንንም አልጎዳም» አለ። የስፌት መኪናዬን አቆምኩ፤ ያን ቀን ከአጠገቡ ሳልለይ ዋልኩ፤ በማግስቱ ወደ እርስዎ መጣሁ።

ግድግዳዎ ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ተብሎ በጥሩ ቀለም ተጽፏል፤ ሳነበው ልቤ ሞቅ አለው። ከዚያ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ቅጹን ሰጠችኝ። ለጥርስ፣ ለሆድ፣ ለእግር የማይጠየቅ፣ ለአእምሮ ብቻ የተዘጋጀ ቅጽ ነው፦ ታማሚው በእርግጥ መታመሙን የሚያውቁ፣ በመደዳው ከአምስት ዓመት በላይ የኖሩ፣ ዘመድ ያልሆኑ ሦስት ጎረቤቶች ይፈርሙ ይላል። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ ማኅበረሰቡ በአእምሮ ጤና እንዲሳተፍ እርስዎ ራስዎ ያመጡት አሠራር መሆኑን በኩራት ነገረችኝ። ማኅበረሰቡ ተሳትፏል። እጅግ በጣም ተሳትፏል።

ሁለተኛ፤ ጎረቤቶቼን አብልጬ እንዳውቃቸው ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር፦ ወረቀቱን ይዤ በር ለበር የዞርኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አላስገደደኝም። ጡረተኛው ሾፌር ወንድሜ በቅርቡ የጠገነላቸውን ሰዓት በእጃቸው እንዳሰሩ፣ «እኔማ ድሮም ወፈፍ እንደሚያደርገው አውቅ ነበር» ብለው ፈረሙ። ባለሱቋ ዓይኗ ስለሚደክም ወረቀቱን ሊገዛ ለመጣ ሰው ሰጥታ ጮክ ብሎ እንዲያነብላት አደረገች፤ ሱቁ ውስጥ አምስት ሰው ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እኔ ቤቴ ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ እናቴን አስለቅሷታል።

መስፈርቱን የሚያሟላ ሌላ አንድ ቤት ብቻ ቀረኝ፤ እሱም የአናጺው ቤት ነው። አናጺው የወንድሜ እጮኛ አባት ናቸው። ከበራቸው ሁለት ጊዜ ተመለስኩ፤ ቅጹ ሳይሟላ ካርድ የለም ተብያለሁና በሦስተኛው ገባሁ። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው፣ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ሳንቃ ላይ እንደሚያሰምሩ ሁሉ ተጠንቅቀው ሙሉ ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ። በሳምንቱ ልጅቷ ወንድሜ የሠራላትን የእጅ ሰዓት በጋዜጣ ጠቅልላ መለሰች። ሰዓቱ ይሠራል። አባትየውን መንገድ ላይ አግኝቼ ስጠይቃቸው አልሸሹኝም፤ «ጠልቼው እንዳይመስልሽ፣ ልጄ። ግን አሁን መታመሙን በገዛ ፊርማዬ መስክሬ፣ ነገ ልጄን ብሰጠው ሰው ምን ይለኛል?» አሉኝ። ሕመሙን ከእኔ እኩል ያውቁት ነበር። ልጅቷም ታውቅ ነበር፤ በዚያ ሰሞን እየለመነች ምግብ የምታጎርሰው እሷ ነበረች።

ሦስተኛ፤ ስለ በሩ አመሰግናለሁ። ቅጹ ተሟልቶ ካርድ ወጣለት፤ የሌላው ሰው ካርድ ነጭ ነው፣ የእሱ ቢጫ። ከመድኃኒት ቤቱ ሰልፍ ፊት ለፊት ያለው በር «የአእምሮ ሕሙማን ብቻ» ይላል፣ ፊደሉ የእኔን ጨርቅ ያስንቃል። ዘበኛዎ ቅን ሰው ናቸውና ማንም እንዳይሳሳት ብለው «ቢጫ ካርድ የያዛችሁ በዚህ! ከጤነኛው ጋር እንዳትቀላቀሉ!» እያሉ ይጣራሉ። ጤነኛ ያሉት የሚያስለውን፣ የሚያነክሰውንና ክንዱን በፋሻ ያንጠለጠለውን ነው። ወንድሜ ካርዱን በሸሚዙ ሥር ከቶ ተመለሰ። በሌላ ቀን እጁን ይዤ አስገባሁት፤ ባለሙያው በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ብቻ ስለሚመጡ የአራት ወር ቀጠሮ ተሰጠን። በእነዚያ አራት ወራት ወንድሜ ብቻውን እንዳይሆን እኔና እናቴ በተራ ስንጠብቀው ከረምን፤ መቀሶቼን ሁሉ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። ቀኑ ሲደርስ ባለሙያው ሥልጠና ሄደዋል ተባልን። ሥልጠናው የአእምሮ ጤና አገልግሎትን ለማኅበረሰቡ ተደራሽ ስለማድረግ መሆኑን ማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ አንብቤያለሁ።

አራተኛ፤ በግንዛቤ ቀን ለታማሚዎች አረንጓዴ፣ ለደጋፊዎች ነጭ ካናቴራ ስላደሉ አመሰግናለሁ፤ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ማንም አልተቸገረም። ወንድሜንም ከሕመሙ የዳነ ሰው ሆኖ መድረክ ላይ እንዲናገር መጋበዝዎ ክብር ነው፤ በጊዜው ሐኪም ገና ዓይኑን አላየውም ነበር እንጂ።

አምስተኛ፤ ለዚህ ደብዳቤ ምክንያት ስለሆነው ስለ ሁለተኛው ቅጽ አመሰግናለሁ። ቢጨንቀኝ ወንድሜን በአውቶቡስ የሦስት ሰዓት መንገድ ወደ ሌላ ከተማ ወሰድኩት። እዚያ ያለችው ሐኪም ስሙንና ምን እንደሚሰማው ጠየቀችው፤ ማን እንደሚያውቅለት አልጠየቀችም። ድባቴ ነው፣ ይታከማል አለችው። እየተመላለስን መድኃኒቱን ወሰደ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንቅልፍ መጣለት፤ ከዚያ ምግብ፤ ከዚያ አንድ ቀን ትንሽ ብሎን ወድቃበት ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ሲሳደብ ሰማሁት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ አለቅስ ነበር፤ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባቴን ቀጠልኩ። የመንገዱን መስኮት ግን አልከፈተም። ቢከፍትም ሰዓት የሚያመጣለት የለም፤ ሾፌሩ እንኳ ሰዓታቸው ሲቆም ሌላ ሰፈር ወስደው አሠሩት።

ሐኪሟ የሦስት ወር መድኃኒት ሰጥታ፣ ከዚህ በኋላ ክትትልህን በቅርብህ አድርግ ብላ የማስተላለፊያ ደብዳቤ ጽፋ ወደ እርስዎ ላከችው። መሥሪያ ቤትዎም እንደ ልማዱ በትሕትና ተቀብሎ ቅጽ ሰጠን። አዲሱ ቅጽ፣ ታማሚው መሻሉንና ለአካባቢው የማያሰጋ መሆኑን ሦስት ጎረቤቶች እንዲመሰክሩ ይጠይቃል። እንደገና ዞርኩ። ሾፌሩ «እኔ ሐኪም ነኝ እንዴ?» አሉኝ። ባለሱቋ «ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር እኔ ልጠየቅልሽ?» አለች። አናጺው በራቸውን አልከፈቱም፤ ሳንኳኳ ግን የመጋዙ ድምፅ ቀጥ አለ። ክቡር ሆይ፣ መታመሙን የሚመሰክሩ ሦስት ሰዎች በሁለት ቀን አግኝቼ ነበር፤ መዳኑን የሚመሰክር አንድ ሰው ከሁለት ወር በላይ ዞሬ አጣሁ።

ወንድሜ ባዶውን ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ አይቶ አጣጥፎ መሳቢያዬ ውስጥ ከተተው። ከዚያ «ተይው እትዬ፤ እነሱ ካልፈረሙ ምናልባት አልተሻለኝም ይሆናል» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሌሊቱን ሲገላበጥ እንደሚያድር እናቴ ነግራኛለች። የቀረው የዘጠኝ ቀን መድኃኒት ነው።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ወንድሜን ያለ ምስክር ይቀበሉት። ካርዱ እንደ ማንኛውም ሰው ነጭ ይሁን፣ በሩ ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፍበት፣ ዘበኛውም ድምፃቸውን ለእሳት አደጋ ያስቀምጡት። ማኅበረሰቡ የግድ መሳተፍ አለበት ካሉም፣ የሚያስለውም ከማሳሉ በፊት ሦስት ሰው ያስፈርም፤ ያን ጊዜ ሰልፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል፣ ወንድሜም ከመካከል ይቆማል። ይህን ለማድረግ ሥልጠና አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የእርስዎ አንድ ፊርማ ነው፤ በእኛ መደዳ አምስት ዓመት መኖርም አይጠበቅብዎትም።

ረጅም የሥራ ዘመን፣ ያልተቆራረጠ እንቅልፍና መልካም ጎረቤት እየተመኘሁልዎ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ፤

ቢጫ ካርድ የያዘው ሰዓት ሠሪ ታላቅ እህት

ግልባጭ፦
ለጡረተኛው ሾፌር
ለባለሱቋ (የሚያነብላት ሰው ካገኘች)
ለአናጺው፣ በበራቸው ሥር
ለጤና ጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ አንቀጽ ሰሌዳው ላይ በለጠፍኩትም ሆነ ለጎረቤቶቼ በሰጠሁት ቅጂ ላይ የለም፤ እርስዎ እጅ ከሚገባው በስተቀር ከሁሉም ላይ በመቀስ ቆርጬ አውጥቼዋለሁ። በዚያች ሩቅ ከተማ፣ በሐኪሟ በር አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሻርፓቸውን እስከ ዓይናቸው የሳቡ አንድ ሰው ከወንድሜ ጎን ተቀምጠው ነበር። እርስዎም ግቢው ውስጥ፣ መኪናዎ ውስጥ ሆነው፣ ጋዜጣ ፊትዎ ላይ ዘርግተው ሲጠብቋቸው አይቻለሁ። የገዛ ጤና ጣቢያዎን በር አልፈው ሦስት ሰዓት መንዳትዎን አልነቅፍም፤ በሩን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም። የእርስዎ ሰው መሆናቸውን ለእናቴ እንኳ አልተናገርኩም፣ ወንድሜም አልተናገረም። ይህ ሁሉ ሲሆን ወንድሜን «አይዞህ» ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔም ማንንም ሳላስፈርም፣ ይማርልዎ እላለሁ።