ዓሣ የተሣለበት ጠርሙስ

ጎርዲ፣
ለእህቴ ልጅ ሠርግ ካልጋሪ ሄጃለሁ። ምድር ቤት ያሉትን በሕግ የተፈቀዱልኝን የካናቢስ ተክሎቼን አደራ፤ ዘንድሮ ለመኸር ትርኢቱ የማቀርበው እነሱን ነው።

የተተከሉበትን ባልዲ አንሣው፤ ከቀለለህ አፈሩ ደርቋል፤ ያኔ ብቻ ካደረ ውሃ ጋር ሁለት ማንኪያ ፈሳሽ የዓሣ ማዳበሪያ በጥብጠህ ዳር ዳሩን አጠጣ። ግንዱን አታጥምቀው፣ ቄስ አይደለህም።

አምና "ይጥገቡ እንጂ!" ብለህ ማዳበሪያ አብዝተህባቸው ቅጠላቸው ጫፍ ጫፉ አረረ። ትርኢቱ ላይ አገር ሳቀብኝ። አንተም። ያንተ ዱባ ተሸለመ።
ይሁን፣ ረስቼዋለሁ።

ማዳበሪያውን በጣፋጩ የሜፕል ሽሮፕ ጠርሙስ ያስቀመጥኩት ሌላ ዕቃ አጥቼ ነው። ፓንኬክህ ላይ ስታንቆረቁረው እንዳልናገር አፌ ሙሉ ነበር።

አሁን ጠርሙሱ ላይ ዓሣ ሥዬበታለሁ።
ጠረጴዛው ላይ ያለው እውነተኛ ሽሮፕ ነው። አልተከፈተም። ያንተ ነው።

ዱዌይን