ምሰሶ የሌለው ቤት

ሞጣ፣ ግንቦት 1957 ዓ.ም.

ውድ አምባቸው፣

የሕንፃ ሥራ ልትማር ከሄድክበት አገር ስለዚያ የድሮ የእንግሊዝ መኳንንት ቤት ከጻፍክልኝ ወዲህ እዚያው ነው የምኖረው ብልህ አትሳቅብኝ። ተማሪዎቼን ጽሕፈት አስይዤ ዓይኔን ስከድን ቀይ የጡብ ግንቡ ይታየኛል፤ ጣሪያው ላይ የተደረደሩት የጭስ መውጫዎች፣ ወይዛዝርቱ ዝናብ ሲጥል የሚንሸራሸሩበት ረጅም አዳራሽ። አንዱ ወገኑ መስኮት ብቻ ነው ብለሃል። በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያልኩ እሄዳለሁ፤ አንተ ከወዲያኛው ጫፍ ትመጣለህ። ሳንገናኝ ደወል ይደወላል።

ለእናትህም ነገርኳቸው። እማማ ይርገዱ «ልጄ የሚሠራልኝ እንዲያ ያለ ነው?» አሉና ቤት ሠሪውን አያ ጓዴን አስጠሩ። አያ ጓዴ እንደ ልማዳቸው መሐል ላይ ችካል ተክለው ገመዱን ሊያዞሩ ሲሉ፣ ክብ አይደለም ብዬ ከለከልኳቸው። ደብዳቤህን እያነበብኩ ክፍሎቹን በጓሮው ሣር ላይ በገመድ ለየናቸው። እናትህ ገመዱን ተራምደው አያልፉም፤ ዞረው በበሩ ይገባሉ። እኔ ረስቼ ስረግጠው «ግድግዳውን አፈረስሽው» ይሉኛል። እንዴት እንደምወዳቸው ብታውቅ።

አያ ጓዴ ግን ዞረው ዞረው፣ «ምሰሶው የት ነው?» አሉ።

የለውም አልኳቸው።

«ታዲያ ልጁ ምኑን ይዞ ሊያቆም ነው?»

በሰፈራችሁ ምሰሶውን መጀመሪያ የሚይዘው የቤቱ ልጅ ነው። እናትህ ቤታቸው እያፈሰሰ ደቦ አልጠራም ያሉት አንተን ሲጠብቁ ነበር። እኔም ቀለበትህን አጥልቄ፣ ወላጆቼ ከቢቸና «እስከ መቼ ነው?» እያሉ ሲልኩብኝ፣ ካሁን አሁን ይመጣል እላለሁ።

ትናንት ሌላው ደብዳቤህ ደረሰ። የዚያ ቤት ጣሪያ በስብሷልና እሱን ለማደስ ሁለት ዓመት እቆያለሁ ትላለህ። ተናደድኩብህ፤ ናፈቅከኝም።

ለእናትህ አነበብኩላቸው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አሉና ወደ ገመዱ ቤት ሄዱ፤ በበሩ ዞረው ገቡ። ረጅሙ አዳራሽ መሐል ቆመው «ጓዴ፣ እዚህ ጋ ቆፍር» አሉ።

«ምሰሶውን ማን ይይዘዋል?» አልኳቸው።

«አንቺ ነሻ» አሉኝ።

ደቦው ሐሙስ ይወጣል። ቤቱ እንደ እንግሊዙ ረጅም፣ እንደ እኛው ባለ ምሰሶ ይሆናል፤ በአንድ ወገን መስኮት እናበዛበታለን። መጋባት አለመጋባታችንን አንተ ታውቃለህ፤ የዚህ ቤት ልጅ መሆኔ ግን ያለቀ የተቆረጠ ነገር ነው።

ስትመጣ ዞረህ በበሩ ግባ። ግድግዳው ያኔ የእውነት ነው።

መስኮቱ አጠገብ የምትጠብቅህ፣
ፋንታነሽ