ወደ ባሕሩ የዞረው ኮምፓስ

ይድረስ ለልጄ፤

እንዴት ከርመሃል? እኛስ አለን። ፊደል በስተርጅና የቆጠርኩት እኔ ስጽፍ፣ የተማርከው አንተ ሦስት ወር ሙሉ ዝም!

አባትህ እዚህ በቀረችው ትንሽ አውሮፕላን ላይ ሬዲዮውን ከፓይለቱ ፊት ነቅሎ ከወንበሩ ኋላ አሰረው።

«ኮምፓሱን እየሳበ ሲያሳስተው ኖሯል» አለኝ።

«ልጃችን ይዞት በሄደው አውሮፕላንስ ሬዲዮው ከፊት አይደል?» ስለው፣ አጎንብሶ ብሎን መልቀም ጀመረ።

ሬዲዮው ከተነሳ ወዲህም ኮምፓሱ ሰሜንን ትቶ ወደ ባሕሩ፣ አንተ ወደሄድክበት ይዞራል። አውሮፕላኗን በእጃችን ገፍተን ብናዞራትም እሱ ያው ነው።

«ዝገት ይዞት ነው፣ አንቺ ሴትዮ» ይላል አባትህ። ግን ጠዋት ጠዋት ሄዶ ያየዋል፤ እኔም እከተለዋለሁ።

መድረስህን ጻፍልኝ፤ አንድ መስመር ይበቃል። ሰንፈህ ከሆነ ስድቤን አዘጋጅቼ እጠብቅሃለሁ።

ብቻ ስንፍና ይሁንልኝ።

ስድብ የማይሰለቻት እናትህ